በክፍል ውስጥ በሥርዓት ስለ መከራከር

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ጉዳይ ሲያዩት አነስተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬው ከትምህርት ቤት አጥር አልፎ እናንተ እስከምትሠሩበት ጠረጴዛ ድረስ የሚደርስ ነው። ይኸውም ተማሪዎች በክፍላቸው ውስጥ በተወሰነ ርእስ፣ በተወሰነ ሰዓትና በታወቀ ደንብ ስለሚያደርጉት ክርክር ነው። ክርክሩ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ምን ጥቅም እንዳለውና ምን እንደሚያሠጋ ተራ በተራ እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ክርክርን ከጭቅጭቅ መለየት ይገባል። ጭቅጭቅ መነሻው ቍጣ፣ መድረሻው ቂም ነው። ማን መቼ እንደሚናገር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚናገር፣ ማንስ እንደሚፈርድ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚረታው ምክንያቱ የበረታ ሳይሆን ድምፁ የጐላ ነው። ክርክር ግን ሁለት ወገኖች አንድ ጉዳይ መካከል አኑረው፣ አንደኛው ይሁን፣ ሁለተኛው አይሁን እያሉ፣ በእኩል ሰዓት ምክንያታቸውን የሚያቀርቡበትና ውሳኔውን ለሚሰማው ሰው የሚተዉበት ሥርዓት ነው። ተከራካሪው የሚናገረው ለባላጋራው አይደለም፤ ለዳኛው ነው። ይህች አንዲት ልዩነት ብቻ እንኳ ብዙ ቍጣ ታበርዳለች፤ ባላጋራውን ለማሳፈር የሚደክም ሰው ዳኛውን ማሳመን ይሳነዋልና።

ይህ የመምህራን ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ደጋግማችሁ የምታዩትን ነገር አስታውሱ። ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው አሳቡን ከሁሉ አስቀድሞ ይገልጻል፤ ቀጥሎም «አስተያየት ያለው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም አቀርቅሮ ወረቀቱን ይመለከታል። በቃለ ጉባኤውም ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ተብሎ ይጻፋል። ስብሰባው ተበትኖ ሰዎች ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ግን አንደበታቸው ይፈታል፤ አንዱ ገንዘቡ አይበቃም፣ ሌላው ሕጉ አይፈቅድም፣ ሦስተኛው ይህ ነገር ከዚህ ቀደም ተሞክሮ አልሆነም ይላል። ይህ ቃል ከአንድ ሰዓት በፊት ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ውሳኔውን ባቃናው ነበር፤ በኮሪደር ሲነገር ግን ሐሜት ከመሆን አያልፍም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ ምስጢር ለመጠበቅና ምላስን ለመግታት የሚረባ ምክር ነው። የሕዝብ ጉዳይ በሚመከርበት ሸንጎ ግን ዝምታም ይነቅዛል፤ መንቀዙም የሚታወቀው ውሳኔው በሥራ ላይ ውሎ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰው በጕባኤ ፊት ያለ ቍጣና ያለ ፍርሃት አሳቡን መግለጽን በአርባ ዓመቱ ሊማረው ያስቸግራል፤ የሚማረው በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

በሥርዓት መከራከር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በልሃ ልበልሃ እየተባለ ይጠራ በነበረው በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ባለጉዳዮቹ በዳኛው ፊት ቆመው፣ ሸማቸውን በወግ ለብሰው፣ እየተፈራረቁ ይሟገቱ ነበር። ነገሬ እውነት ነው የሚል ሰው ማር ወይም በቅሎ ብሎ ይወራረድ ነበር፤ የተረታም እንደ ሆነ ይከፍላል። ስለዚህ ለተናገረው ቃል ዕዳ አለበትና ማንም አፉ እንዳመጣለት አይናገርም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል ከተረጐሙት በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ያመጣሉ፤ ተማሪውም አንደኛውን ሳይጥል ሁለተኛውን ይይዛል። ሁለት አሳብ ባንድ ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመመዘን ልማድ እንግዲህ ከውጭ በመርከብ የመጣልን ዕቃ አይደለም።

ከጥንቱ የችሎት ወግ ሁሉ ይልቅ ግን ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅም አንድ ልማድ አለ። በችሎቱ የተቀመጡት ሰዎች አስተያየታቸውን ሲጠየቁ መናገር የሚጀምረው በማዕርግ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነበር። ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይሄድና የበላዩ በመጨረሻ ፍርዱን ይሰጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ትልቁ አስቀድሞ የተናገረ እንደ ሆነ ትንሹ የራሱን አሳብ ትቶ የትልቁን ይደግማል። ከላይ የጠቀስነውን ኮሚቴ ከዚህ ወግ ጋር ብታስተያዩት ከሁለቱ የትኛው የሠለጠነ እንደ ሆነ ለመፍረድ አታስቸግሩም።

ይህን ስንል የጥንቱ ሙግት እንዳለ ወደ ክፍል ይግባ ማለታችን አይደለም። በዚያ ሙግት የአነጋገር ውበት ማስረጃን የሚያሸንፍበት ጊዜ ነበረ፤ ተሟጋቹም የሚቆመው ለራሱ ርስት ወይም ለራሱ ከብት ነው። የትምህርት ቤት ክርክር ግን የሚደረገው ስለ ጋራ ጉዳይ ነው፤ ከአነጋገርም ይልቅ ማስረጃ ይበልጥበታል።

በሌላው ዓለም የሆነውን ደግሞ በአጭሩ እንመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው መምህር ፕሮታጎራስ በማናቸውም ነገር ላይ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ቃሎች አሉ ብሎ ያስተምር እንደ ነበር ይነገራል። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ተማሪዎች የክርክር ማኅበር በ1815፣ የኦክስፎርዱ ደግሞ በ1823 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተመሠረተ። በአሜሪካ በ1858 አብርሃም ሊንከንና ስቲቨን ዳግላስ ስለ ባርነት መስፋፋት በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በ7 ከተሞች ተከራከሩ። የሰዓቱ ደንብ ፊተኛው ተናጋሪ 60 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 90 ደቂቃ፣ ፊተኛው እንደ ገና ለመልስ 30 ደቂቃ የሚል ነበር፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የደረሰው እኩል 90 ደቂቃ ነው። ሊንከን በዚያ ጊዜ የፈለገውን የምክር ቤት ወንበር አላገኘም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠን ግን በቴክሳስ በማርሻል ከተማ የሚገኘው የዋይሊ ኮሌጅ ታሪክ ነው። ጥቍሮች በሕግ ከነጮች ተለይተው በሚኖሩበት በዚያ ዘመን መልቪን ቶልሰን የሚባል መምህር የዚህን አነስተኛ የጥቍሮች ኮሌጅ ተማሪዎች በክርክር ያሠለጥናቸው ነበር። በ1935 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እነዚህ ተማሪዎች የብሔራዊ አሸናፊነት ስም የነበረውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲን የክርክር ቡድን ረቱ። ከቶልሰን ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረው ጄምስ ፋርመር በ1942 ለዘር እኩልነት የሚታገል ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1962ም በኮርኔል ዩኒቨርስቲ ከማልኮም ኤክስ ጋር ጥቍሮች ከነጮች ጋር ይዋሐዱ ወይስ ይለዩ በሚለው ጉዳይ ላይ ተከራከረ። ማልኮም ኤክስም በበኩሉ መከራከርን የተማረው በማሳቹሴትስ በሚገኘው በኖርፎክ ወህኒ ቤት በእስረኞች የክርክር ማኅበር ውስጥ ነበር። አንደኛው በድኻ ኮሌጅ፣ ሁለተኛው በእስር ቤት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ክርክር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ትምህርት አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ የሚጠይቀው ደንብና ትጋት ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። በ1988 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተጀመረው የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድር ከየወገኑ 3 ተናጋሪዎች ይቀርባሉ። እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ከየወገኑ አንድ ሰው 4 ደቂቃ የማጠቃለያ ቃል ይሰጣል። ይህን ደንብ በግማሽ ብንቀንሰው ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ልክ ይሆናል። ስድስቱ ተናጋሪዎች እያንዳንዳቸው 4 ደቂቃ ቢናገሩ 24 ደቂቃ፣ ሁለቱ ማጠቃለያዎች በ2 ደቂቃ 4 ደቂቃ፣ ባንድነት 28 ደቂቃ ይሆናል። ከቀረው 12 ደቂቃ ስድስቱ ለተደራሲው ጥያቄ፣ ስድስቱ ለድምፅ መስጫና ለመምህሩ አስተያየት ይውላል።

የተናጋሪዎቹም ሥራ የተለየ ነው። የደጋፊው ወገን የመጀመሪያ ተናጋሪ ርእሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ዋና ዋና ምክንያቶቹንም ይዘረዝራል። የተቃዋሚው የመጀመሪያ ተናጋሪ የማይስማማበትን ለይቶ ያሳያል፤ የራሱንም ምክንያት ያቀርባል። ሁለተኛዎቹ ተናጋሪዎች ለተነገረባቸው መልስ ይሰጣሉ፤ ከዚያም አዲስ ማስረጃ ይጨምራሉ። ሦስተኛዎቹ ዋና ሥራቸው የባላጋራን ምክንያት መመርመር ነው። በማጠቃለያው ላይ አዲስ ምክንያት ማምጣት የተከለከለ ነው፤ ሌላው ወገን ሊመልስበት የማይችለውን ነገር በመጨረሻ መወርወር ከጀርባ እንደ መምታት ይቈጠራልና።

በአንድ ክፍል 50 ተማሪዎች ቢኖሩና የሚናገሩት 6 ቢሆኑ የቀሩት 44 ምን ይሠራሉ? ሥራው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ ሊቀ መንበር፣ አንዱ ሰዓት ጠባቂ ይሆናል። የቀሩት 42 ዳኞች ናቸው። እያንዳንዱ ዳኛ የደብተሩን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፍሎ በቀኝ የደጋፊውን፣ በግራ የተቃዋሚውን ምክንያት ይጽፋል፤ መልስ የተሰጠበትን ምክንያት በመስመር ያገናኛል፤ መልስ ሳያገኝ የቀረውንም ያከብበታል። ይህ ማስታወሻ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ለመምህሩ ይሰጣል፤ እንደ ማናቸውም የክፍል ሥራ ይታረማል። ድምፅ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በዋዜማው፣ አንዱ ከክርክሩ በኋላ። አሸናፊ የሚባለውም ብዙ ድምፅ ያለው ወገን ሳይሆን የብዙ ሰዎችን አሳብ የለወጠው ወገን ነው። በየ15 ቀኑ አንድ ክርክር ቢደረግ በ9 ክርክር 50ውም ተማሪዎች የመናገር ተራ ይደርሳቸዋል።

የርእሱ ምርጫ ትልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። በየትምህርት ቤቱ «ከዕውቀትና ከገንዘብ የትኛው ይበልጣል?»፣ «ከእናትና ከአባት ማን ይበልጣል?» የሚሉ ርእሶች የተለመዱ ናቸው። እነዚህ ለጨዋታ ያምራሉ፤ ለክርክር ግን አይመቹም። ዕውቀት ይበልጣል ተብሎ ቢፈረድ በማግሥቱ የሚለወጥ አንዳች ነገር የለም፤ ማስረጃም ስለማይፈለግበት ተማሪው ምሳሌና ተረት ከመደርደር በቀር የሚመረምረው ነገር አይኖረውም። ጥሩ ርእስ ማለት ይደረግ ወይም አይደረግ ተብሎ የሚወሰን፣ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ምክንያት ያለው፣ ማስረጃውም ተማሪው ሊደርስበት በሚችል ቦታ የሚገኝ ነው።

ለምሳሌ ያህል «ትምህርት ቤታችን አርፍዶ ለመጣ ተማሪ በር መዝጋቱን ይተው» የሚለውን ርእስ እንውሰድ። ደጋፊው ወገን እንዲህ ሊል ይችላል፤ የተዘጋ በር የሚቀጣው ሰነፉን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ሩቅ የሆነውን፣ ታናናሾቹን አድርሶ የሚመጣውንና አውቶቡስ ያጣውንም ነው፤ በመንገድ የቀረ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ከማጣቱ በላይ ለመጥፎ ባልንጀራ ይጋለጣል። ተቃዋሚው ወገን ደግሞ በር በተከፈተ ቍጥር ትምህርት ይቋረጣል፤ በሰዓቱ የመጡት ብዙዎች ስለ ጥቂቶች ለምን ይበደላሉ? ገደብ ከሌለ ዛሬ ዐምስት ደቂቃ ያረፈደ ነገ ሃያ ደቂቃ ያረፍዳል፤ ሰዓት ማክበርም ነገ በሥራ ቦታ የሚፈለግ ልማድ ነው ሊል ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱም የተናገሩት ማንም ሰው ተቀምጦ ሊያስበው የሚችል ነገር ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚህ ወዲያ ነው። መምህሩ «ይህን በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ለሁለት ሳምንት ጧት ጧት በበሩ አጠገብ ቆመው ስንት ተማሪ እንዳረፈደ፣ ከየትኛው ሰፈር እንደ መጣ፣ ምክንያቱስ ምን እንደ ሆነ እየጠየቁ ይመዘግባሉ። የሚያረፍዱት በየቀኑ የተለያዩ ልጆች ሆነው ቢገኙ የመጓጓዣ ችግር መኖሩ ይታሰባል፤ ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶች ሆነው ቢገኙ ደግሞ ነገሩ የልማድ ወይም የቤት ችግር ሊሆን ይችላል። በዚህ ሰዓት ደጋፊው «በሩ ቢከፈት ክፍሉ እንዳይረበሽ ምን ታደርጋላችሁ?» ለሚለው፣ ተቃዋሚውም «ቤቱ ሩቅ የሆነውን ልጅ ምን ትሉታላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ግድ ይሆንባቸዋል። ምናልባትም ያረፈደው ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ የሚል ሦስተኛ አሳብ ይወለድ ይሆናል። ልጆቹ የመዘገቡት ወረቀትም ለዲሬክተሩ ቢቀርብ ከብዙ አቤቱታ ይልቅ ተሰሚነት ያገኛል።

አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም ሳንሸሽ እንመልከተው። በክርክር ደንብ ወገን የሚለየው በዕጣ ስለ ሆነ ተማሪው የማያምንበትን ነገር ደግፎ እንዲናገር ይታዘዛል። ይህስ ልጆችን አስመሳይነት ማስተማር አይደለምን? ተቃውሞው የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1913 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ተናጋሪው ያምንበት አያምንበት ሳይባል ወገን የሚታደልበትን ክርክር ከቶ እንደማይወደው ጽፏል። በ1954 ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆች የዓመቱ ርእስ አሜሪካ ለኮሚዩኒስት ቻይና መንግሥት ዕውቅና ትስጥ የሚል ሆኖ በተመረጠ ጊዜ የጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎቹ ተማሪዎቻቸው ይህን አሳብ ደግፈው እንዳይናገሩ ከለከሉ። በዚህም ምክንያት በመምህራኑ መካከል ለብዙ ጊዜ የቆየ ክርክር ተነሣ።

ለዚህ ተቃውሞ የሚሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ የሌላውን ወገን ቃል ለጥቂት ደቂቃ በአፉ ይዞ የማያውቅ ሰው የራሱንም እምነት በውል አያውቀውም፤ ከአባቱ የሰማውን ይዞ ይኖራል እንጂ መርምሮ አልመረጠውም። በመሥሪያ ቤታችሁም አንድን ጥያቄ ውድቅ የምታደርግ ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም አመልካቹ ሊል የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ለራሱ ቢናገር ስንት ስሕተት በቀረ ነበር! ሁለተኛው፣ ዕጣው ብቻውን በቂ አለመሆኑን እናምናለን። ክርክሩ በወገን ንግግር ቢያልቅ ሩዝቬልት የፈራው ነገር ሊደርስ ይችላል፤ ልጁም ቃል ሁሉ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ ይመስለዋል። ስለዚህ በማግሥቱ እያንዳንዱ ተማሪ ከወገኑ ወጥቶ በራሱ ስም አንድ ገጽ እንዲጽፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያ ገጽ እኔ የማምነው ይህን ነው፣ ከባላጋራዬ ምክንያቶች ያስቸገረኝ ይህኛው ነው፣ አሳቤን የለወጥሁት ወይም ያልለወጥሁት ስለዚህ ነው ይላል። ይህ ገጽ የቀረበት ክርክር ግማሽ ክርክር ነው።

ለመምህሩም ጥቂት ማስገንዘቢያ እንጨምር። ማንም ስለ ትውልዱ፣ ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ ቤተሰቡ ድህነት በክፍል ፊት ለመከላከል የሚገደድበት ርእስ አይመረጥ። ይሁን እንጂ ሰው እንዳይነካ ተብሎ ፍሬ የሌለው ርእስ ብቻ ቢመረጥ ልጆቹ ያውቁታል፤ እውነተኛው ነገር በክፍል አይነገርም ማለት ነው ብለውም ይደመድማሉ። ዐይነ አፋር የሆነውን ልጅ መጀመሪያ በሰዓት ጠባቂነት፣ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ በማንበብ፣ ከዚያም በተናጋሪነት ደረጃ በደረጃ ማስለመድ ይሻላል። ሴቶች ልጆች ማስታወሻ በመያዝ ብቻ እንዳይወሰኑ፣ የክፍሉ ቋንቋ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ተማሪም በአነጋገሩ እንዳይሣቅበት መጠበቅ የመምህሩ ፋንታ ነው። ነቀፌታ በቃል ላይ እንጂ በሰው ላይ አይሁን፤ «ዋሽተሃል» ከማለት «ይህ በማስረጃ አልተደገፈም» ማለትን ይልመዱ። መምህሩ የራሱን አሳብ ከሁሉ በኋላ ይናገር፤ ይህን ከጥንቱ ችሎት ይማር።

ልጅ መከራከር ከለመደ ታላላቆቹን ይደፍራል የሚሉ ወላጆች አሉ። ነገር ግን ነውረኛው ልጅ ሳይሰማ የሚመልስ ነው፤ ክርክር ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስለምደው መስማትን ነው። ባላጋራው የተናገረውን አሟልቶ ያልሰማ ተከራካሪ ሊመልስለት አይችልምና። ከዚህም በላይ አሳቡን በግልጽ መናገር የተከለከለ ልጅ አሳብ አልባ አይሆንም፤ አሳቡን መደበቅ ይማራል እንጂ።

እንግዲህ እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የክርክር ሰዓት እንዳለው ጠይቁ። ካለው ለዳኝነት ስትጠሩ ጊዜ የለኝም አትበሉ፤ ተማሪዎች ማስረጃ ፍለጋ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የመጡ እንደ ሆነም ሊነገር የሚገባውን ቍጥር አትንፈጓቸው። በማዕድ ዙሪያ ልጃችሁ አንድ ነገር ሲጠይቅ እሺ ወይም እምቢ ከማለታችሁ በፊት «እኔ በምን ምክንያት እምቢ የምል ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በስብሰባም ሰብሳቢ ስትሆኑ ከሁሉ በኋላ ተናገሩ። ዛሬ በክፍሉ ፊት አራት ደቂቃ ቆሞ ሲናገር የሚንቀጠቀጠው ልጅ ነገ በእናንተ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ አንድ ድኻ ባለጉዳይ በፊቱ ቆሞ ምክንያቱን ሲያስረዳ የሚሰማው ወይም የማይሰማው ዛሬ በለመደው መጠን ነው።